ለጨነቀው ሰው ባዶ ወረቀት አትስጡት

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ

እንደምን ዋላችሁ? ሐይቁ ዳር ንፋሱ እንዲህ ደስ እያለ አዳራሽ ውስጥ ለመቀመጥ ስለመረጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ቀለም ስለ መቀባት ነው። የትልልቅ ሰዎች ቀለም መቀባት። የቤት ኪራይ የሚያሳስባቸው፣ ደመወዝ የሚጠብቁ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ከለር ይዘው ቁጭ ብለው አበባና ክብ ንድፍ ሲቀቡ ምን ያገኛሉ? ውጥረታቸው ይቀንስላቸዋል ወይ? ከቀነሰስ በምን ምክንያት?

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አዎ፣ ይቀንሳል። ዋናው ምክንያትም ብዙ ሰው የሚገምተው አይመስለኝም። ሰዎች «ቀለም ደስ ስለሚል ነው» ይላሉ። «ፈጠራ ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። እኔ የማምነው መስመሩ ቀድሞ ስለተሰመረ ነው ብዬ ነው። የጨነቀው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲወስን ውሎ፣ ያልወሰነው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞርበት የሚያድር ሰው ነው። እሱን «በል የፈለግከውን ሥራ» ብትሉት ሌላ የቤት ሥራ ጨመራችሁበት ማለት ነው። ወሰኑ የታወቀ፣ ትንሽ፣ የሚያልቅ ሥራ ስትሰጡት ግን ያርፋል። ዛሬ የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ይመጣል።

መጀመሪያ ውጥረት ሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ እንይ። አደጋ ሲመጣ ከኩላሊታችን በላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃሉ። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ትንፋሽ ያጥራል። ጡንቻ ይወጠራል። ጉልበት እንዲሆነን ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል። ይሄ ሁሉ ጅብ ሲመጣ ሩጥ ወይም ታገል ለማለት ነው። ጅቡ ሲሄድ ሰውነት ወደ ቦታው ይመለሳል።

የዛሬው ጅብ ግን አይሄድም። ፈረቃ ለመግባት ገና ሳይነጋ ተነስታ ሰርቪስ የምትጠብቅ ልጅ አለች። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀኑ የሚያልቅበት ባጃጅ ነጂ አለ። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ ጨምሬያለሁ» የተባለ አስተማሪ አለ። ልጇ ወደ ውጭ ወጥቶ ስልኩ የማይነሳላት እናት አለች። እነዚህ ሰዎች የሚሮጡበት ቦታ የላቸውም። የሚታገሉት ነገርም ፊት ለፊት አይታይም። ሰውነታቸው ግን ቀንም ሌሊትም ለሩጫ እንደተዘጋጀ ነው። እንቅልፍ እንቢ ይላል። አንገትና ትከሻ ይደርቃል። ጨጓራ ይነሳል። በማይረባ ነገር ከቤተሰብ ጋር መነታረክ ይመጣል። እኔ የማማክራቸው ሰዎች ብዙዎቹ «ማሰብ አበዛሁ፣ ጭንቅላቴ አልዘጋ አለኝ» ብለው ነው የሚጀምሩልኝ።

እንግዲህ ይሄን ጭንቅላት ለአንድ ሃያ ደቂቃ እንኳ እንዴት እናሳርፈው?

በፈረንጆች 2005 ናንሲ ከሪ እና ቲም ካሰር የተባሉ የአሜሪካው ኖክስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ ሠርተው አሳተሙ። እኔ ይሄን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። 84 ተማሪዎችን ሰበሰቡ። መጀመሪያ ሆን ብለው አስጨነቋቸው። በሕይወታችሁ በጣም የፈራችሁበትን ጊዜ አስታውሳችሁ ጻፉ አሏቸው። እስኪ እናንተም ለአፍታ አስቡት። እንዲህ ያለውን ነገር በዝርዝር የሚጽፍ ሰው ልቡ መሸበሩ አይቀርም። ከዚያ በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ማንዳላ የሚባለውን፣ ክብ ሆኖ በውስጡ ብዙ ትናንሽ ቅርጾች ያሉትን ንድፍ ወሰደ። ሁለተኛው ቋሚና አግድም መስመሮች የተጠላለፉበትን አራት ማዕዘን ንድፍ ወሰደ። ሦስተኛው ቡድን ባዶ ወረቀት ደረሰው፤ «እንደፈለጋችሁ ቀቡ» ተባለ። ሁሉም 20 ደቂቃ ቀቡ። ጭንቀታቸው በየደረጃው በመጠይቅ ተለካ።

ምን የተገኘ ይመስላችኋል? ንድፍ የተሰጣቸው ሁለቱም ቡድኖች በግልጽ ተረጋጉ። ባዶ ወረቀት የያዙት ግን እንደነሱ አልሆነላቸውም።

ልብ በሉ፤ ከለሩ ለሁሉም ተሰጥቷል። ጊዜው አንድ ነው። ሁሉም በእጃቸው ሠርተዋል። ልዩነቱ አንዱ ወረቀት ላይ መስመር መኖሩ፣ ሌላው ላይ አለመኖሩ ነው። ባዶ ወረቀት የያዘው ተማሪ መጀመሪያ «ምን ልሣል?» ብሎ መጨነቅ አለበት። ከዚያ «አሁን ይሄ ምን ይመስላል?» ይላል። ጎን ለጎንም ቅድም የጻፈው የፍርሃት ታሪክ እየመጣ ይረብሸዋል። ባዶው ቦታ ለሐሳብ ክፍት በር ሆነለት ማለት ነው።

በፈረንጆች 2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ይሄንኑ ሙከራ በ50 ሰዎች ላይ ደገሙት። እዚህኛው ላይ ክቡ ንድፍ ከሁለቱም በለጠ፤ የተጠላለፈው መስመር ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ስለዚህ የትኛው ንድፍ ይሻላል በሚለው ጥናቶቹ አይስማሙም። ክብ ንድፍ ከባዶ ወረቀት ይሻላል በሚለው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። በ2017 ደግሞ በኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ 115 ሴት ተማሪዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ቀለም ቀቡ። ሌሎቹ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ሠሩ። በሳምንቱ መጨረሻ የቀቡት ላይ የድብርትና የጭንቀት ምልክት ቀነሰ። እንቆቅልሽ የሠሩት ላይ አልቀነሰም። እንቆቅልሹም ጊዜ ያሳልፋል፣ ሐሳብም ይይዛል። ግን ትክክልና ስህተት አለው። አቃተኝ ያሰኛል። ቀለም ላይ የሚያቅት ነገር የለም።

ደግሞ ሐቁን ሙሉውን ልንገራችሁ። በ2016 በፊላዴልፊያ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ጊሪጃ ካይማልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ሌላ ጥናት አለ። 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በማርከር፣ በሸክላ ጭቃ፣ በወረቀት ቁርጥራጭ እንደፈለጉ ሠሩ። ከሥራው በፊትና በኋላ ምራቃቸው ተወስዶ ኮርቲሶሉ ተለካ። ወደ 75 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀነሰ። ሥዕል የሞከረውም ያልሞከረውም እኩል ተጠቀመ። እዚህ ጋ መስመር አልተሰጣቸውም፤ እኔ ከምለው ጋር የሚጋጭ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ የሥነ ጥበብ ሕክምና ባለሙያ አብራቸው ነበረች። የሚጠይቋት፣ የምታግዛቸው ሰው ነበረች። ብቻችሁን ማታ ቤት ስትቀመጡ እንዲህ ያለ ሰው አይኖርም። የሚይዛችሁ መስመሩ ነው።

ለምን ይሠራል ለሚለው የእኔ አረዳድ ይሄ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ ልብ ሊላቸው የሚችላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ቀለም ስትመርጡ፣ ዓይናችሁ መስመሩን ሲከተል፣ እጃችሁ ከመስመሩ እንዳይወጣ ስትጠብቁ፣ ያች ጥቂት ቦታ ትሞላለች። ለአከራዩ የሚሆን ቦታ ይጠባል። ሥራው በጣም ቀላል ቢሆን ሐሳብ ያመልጣል። በጣም ከባድ ቢሆን ያናድዳል። ሀንጋሪያዊ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ሰዎች በሥራቸው ተውጠው ሰዓት የሚረሱት መቼ እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ አጥንቷል። ያገኘው ነገር ቢጠቃለል፣ የሥራው ክብደት ከሰውዬው ችሎታ ጋር ሲመጣጠን ነው። የማይከብድ ግን ደግሞ ልብ የሚፈልግ ሥራ። ተስማሚ ንድፍ እንደዚያ ነው።

አሁን አንድ ነገር አለ፤ አንዳንዶቻችሁ ውስጥ ውስጡን እያሰባችሁት ሊሆን ስለሚችል ፊት ለፊት ልናገረው። ማንዳላ ከሂንዱና ከቡድሃ እምነት የመጣ ቅርጽ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራሱ እየሳለው ወደ ሕክምናው አመጣው። «የሌላ እምነት ነገር ቤቴ ባይገባ ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ አከብረዋለሁ። እንዲቀባው የሚያስገድደው ነገር የለም። በመጀመሪያው ጥናት አራት ማዕዘኑም ሠርቷል፤ እና እኛ ክብ ንድፍ ከሰው የምንበደር ሕዝብ አይደለንም።

የመሶብ ክዳን ከላይ ሆናችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከመሐሉ ተነስቶ እየዞረ የሚሰፋ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ያለበት። የሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ስፌቶችስ? ከዚህ የበለጠ ክብ ንድፍ የት አለ?

ስፌት የምትሰፋ ሴት እጅ ላይ እስኪ ዓይናችሁን አቆዩ። አክስቴ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማየት ልማዴ ነበር። አክርማው እንዳይሰበር ውሃ ነክቶት ለስልሷል። ስንደዶው ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ አክርማው ከላይ ይጠቀለልበታል። ወስፌዋን ከታች ባለው ዙር ትወጋለች። አለላውን በቀዳዳው ታሾልካለች። ትስባለች። እንደገና ትወጋለች። ቀይ የሚያልቅበትንና ነጭ የሚጀምርበትን በከንፈሯ ትቆጥራለች። በወረቀት የተሳለ ንድፍ የላትም። ያለፈው ዙር ግን የሚቀጥለውን ይነግራታል። ወሬ ካለ ታወራለች፣ ቁጥሩ ሲመጣ ዝም ትላለች። ቤት ውስጥ ችግር የነበረበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ እሷ ያኔ ስፌቱን አብዝታ ትይዝ ነበር። ማንም ተመራማሪ ምራቋን አልለካም። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ትከሻዋ ይወርዳል። ትንፋሿ ይረዝማል።

የብራና መጻሕፍቶቻችንንም ተመልከቱ። ቁም ጸሐፊ ብራናው ላይ አንዲት ፊደል ከማስቀመጡ በፊት ጠርዙን በወስፌ ወግቶ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ያለ ቀለም፣ በሹል ነገር ብቻ መስመር ያሰምርበታል። መስመሩ ቀድሞ አለ ማለት ነው። ከዚያ ጥቁሩ ይጻፋል፣ ቅዱስ ስም ላይ ቀዩ ይገባል። በምዕራፍ መግቢያ ላይ ደግሞ ሐረግ ይሳላል። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ያልፋል፣ መልሶ ከሥሩ ይገባል፣ ይጠመዘዛል፣ ይቋጠራል። በመካከሉ የሚቀሩት ትናንሽ ክፍተቶች በቢጫ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ ይሞላሉ። ለእኔ የሐረግን ያህል ለዚህ ሥራ የሚመች ንድፍ የለም። የቱ መስመር ከላይ፣ የቱ ከታች እንደሆነ ስትከተሉ ሌላ ነገር ማሰብ አትችሉም። ቅርባችን ያለውን ደግሞ አንርሳ። የሲዳማ ባህላዊ ቤት ግድግዳ ቀርከሃው አንዱ በአንዱ ላይ እያለፈ የተጠለፈ ነው። ከሪና ካሰር ለተማሪዎቻቸው የሰጡት የተጠላለፈ መስመር እዚሁ ደጃችን አለ። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብም አለ። የመስቀል ጉንጉንም አለ።

ይሄን የምለው የውጭውን ለማጣጣል አይደለም። በውጭው ዓለም ነገሩ ከፈረንጆች 2013 ወዲህ በጣም ተስፋፍቷል። ለአዋቂዎች የተዘጋጁ የማቅለሚያ መጻሕፍት በሚሊዮን ተሸጡ። በ2016 ፋበር ካስትል የተባለው የጀርመን እርሳስ ፋብሪካ ፍላጎቱን ማሟላት ከብዶት ተጨማሪ ፈረቃ እስከ ማስገባት ደርሷል። እዚህ ግን እነዚያ መጻሕፍት ብዙ አይገኙም፤ ቢገኙም ውድ ናቸው። እኛ አያስፈልጉንም። ንድፍ ቤታችን ሞልቷል።

እንዴት እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ውሰዱ። መሐሉ ላይ ነጥብ አድርጉ። የቡና ሲኒ ገልብጡና በአፉ ዙሪያ በእርሳስ ክብ አሥምሩ፤ የክቡ ጠርዝ በነጥቡ ላይ እንዲያልፍ አድርጉ። ሲኒውን ትንሽ አዙሩና ሌላ ክብ አሥምሩ፤ እሱም በዚያው ነጥብ ይለፍ። እንደዚህ እያላችሁ ዙሩን ግጠሙት። ክቦቹ ሲጠላለፉ መሐሉ ላይ የአበባ ቅጠል የመሰሉ ቅርጾች ይወጣሉ። በእስክሪብቶ አድምቁት። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አባዙት። ለቤተሰብም ለጎረቤትም ይበቃል። እጄ አይሠራም የምትሉ ደግሞ ስልካችሁ ላይ የስፌት ወይም የሐረግ ፎቶ አውጥታችሁ፣ ሥሱን ወረቀት ስክሪኑ ላይ አስቀምጣችሁ በስሱ ገልብጡት።

ከለሩ አሥራ ሁለት ፍሬ ያለው ተራው ይበቃል። መቅረጫ ግን ጥሩ ይሁን። ጫፉ የደነዘዘ እርሳስ ከመስመር እያስወጣ ያናድዳል። ከአሥራ ሁለቱ ሦስት ወይም አራት ብቻ ምረጡና ሌላውን ወደ ካርቶኑ መልሱ። ምርጫ ሲበዛ ተመልሰን ወደ ውሳኔ ጭንቀት እንገባለን።

አሁን አንዷን ቅጠል እንቀባ። እርሳሱን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጫፉ ላይ አትጨብጡት። መጀመሪያ በጠርዙ ውስጥ ለውስጥ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ወሰኑ ተያዘ። ከዚያ መሐሉን በጣም ትናንሽ ክቦች እየሠራችሁ ሙሉት። አትጫኑ። የጨነቀው ሰው እጅ ሳያውቀው ይጫናል፤ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ብትዳስሱት ጀርባው ላይ ይታወቃል። ስትጫኑ ካገኛችሁት እጃችሁን ፈታ አድርጉት። ቀለሙ እንዲደምቅ ከፈለጋችሁ ሁለተኛ ጊዜ ዙሩበት። ከመስመር ከወጣ ይውጣ። ላጲስ አታምጡ። አንዷን ቅጠል ሳትጨርሱ ወደ ሌላ አትዝለሉ።

ጊዜው ሃያ ደቂቃ ይሁን። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ዝም ማለት የሚከብዳችሁ ሙዚቃ ወይም መዝሙር ክፈቱ፤ ዜና ግን ይቅር። እኔ የምመርጠው ሰዓት ቡና ሲፈላ ነው። በአቦልና በቶና መካከል ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ለስልክ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ ወረቀት ቢኖር ጥሩ ነው። እንቅልፍ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት።

አንድ ነገር አደራ። የቀባችሁትን ለማንም ለማሳየት ብላችሁ አትቀቡ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ሊለጠፍ ነው ብላችሁ ስትቀመጡ ዳኛ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ዳኛ ባለበት ዕረፍት የለም። ከጨረሳችሁ በኋላ አስቀምጡት፣ ለልጅ ስጡት፣ ጣሉት፤ ግዴለም።

እንግዲህ ስለ ልኩም በግልጽ ልናገር፤ ይሄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ቀለም መቀባት ሕክምና አይደለም። የሥነ ጥበብ ሕክምና የሚባለው የሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ከለር የቤት ኪራይ አይቀንስም። ከሥራ የተቀነሰውን ሰው ሥራ አያስገባም። ሃያ ደቂቃ ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ ዕረፍት የወጣ ሰው ደግሞ ያንኑ ችግር በተሻለ ጭንቅላት ያየዋል። ከዚህ በላይ ቃል አልገባላችሁም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ የከለከላችሁ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ያስጠላችሁ፣ ጠዋት ለመነሳት አቅም ያጣችሁ ካላችሁ ሐኪም ማየት አለባችሁ። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ብቻውን አይደር፤ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ጸሎቱም፣ ጸበሉም፣ ዱዓውም አይቀርም፤ ከሐኪም ጋር አይጣሉም። ወዳጃችሁ እንዲህ ሆኖ ስታዩት «ፈታ በል» ብላችሁ አትለፉት። ከለርም ሰጥታችሁ አትለፉት። ተያይዛችሁ ሂዱ።

ከታዳሚዎች ጥያቄዎች ቀርበው ነበር። ጥቂቶቹን ከመልሳቸው ጋር እዚህ አስፍሬያለሁ።

አንድ ወጣት «ሐይቅ ያለበት ከተማ እየኖርን ከለር ምን ያደርግልናል? ፍቅር ሐይቅ ወርደን ነፋስ ብንቀበል አይሻልም?» አለ። ወንድሜ፣ ሂድ፤ በእግርህ ሂድ። መራመድ ለጭንቀት ጥሩ እንደሆነ ማንም አይከራከርም። ግን ሐይቁ ዳር ስንቱ ሰው ነው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚመለሰው? ዓይኑ ውሃው ላይ፣ ልቡ ባንኩ ጋ የሆነም ብዙ ነው። ደግሞ ሐይቁ ለሁሉም ሰዓት አይሆንም። ከፈረቃ ማታ የምትወጣ ሴት ብቻዋን ሐይቅ ዳር አትሄድም። ሕፃን ታቅፋ የምታድር እናት አትሄድም። ክረምት ላይ ዝናቡ አያስወጣም። ወረቀቱ ግን አልጋዋ አጠገብ ነው። ሁለቱም ይኑራችሁ።

አንድ አባት ደግሞ «ወንድ ልጅ፣ ያውም ሽማግሌ፣ የልጅ ሥራ ይዞ ቢታይ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። አባቴ፣ ሐረጉን ሲሠሩ የኖሩት ወንዶች፣ ያውም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ማንም ሕፃናት አላላቸውም። ይሄ ጥያቄ ግን ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወንዶች ጭንቀታቸውን የሚናገሩበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ብዙዎቹ ወደ መጠጥና ወደ ጫት ነው የሚሸሹት። ማንም ሳያያቸው በራቸውን ዘግተው ቢጀምሩትም እኔ ደስ ይለኛል። የልጅ ልጆች ካሉዎት ደግሞ ከእነሱ ጋር ይቀመጡ፤ ለእነሱ ሌላ ወረቀት ይስጧቸው እንጂ የእርስዎን አይንኩብዎት።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ «ስልክ ላይ የማቅለሚያ አፕ አለ፤ እሱ አይሆንም?» አለች። እኔ አልመክረውም። እዚያ ላይ በጣት አንዴ ሲነኩት ቅርጹ በሙሉ ይሞላል። እጅ ቀስ ብሎ የሚሄድበት፣ ዓይን ጠርዙን የሚጠብቅበት ሥራ ይቀራል። መሐሉ ላይ የቢሮ ግሩፕ ቴሌግራም ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ለዋለ ዓይንም ሌላ ስክሪን ዕረፍት አይሆነውም።

አንዲት እህት አብረዋት በአንድ ክፍል የሚኖሩ የሥራ ባልደረቦቿን ጠቅሳ «አንድ ከለር ለአራት ይበቃል ወይ?» አለች። በደንብ ይበቃል። ንድፉን በትልቁ አድርጋችሁ መሐል አስቀምጡትና እያንዳንዳችሁ በፊታችሁ ያለውን ጎን ያዙ። አንዷ ቀዩን ስትጨርስ ታቀብላለች። ሲፈልጉ ያወራሉ፣ ሲፈልጉ ዝም ይላሉ። ብቻውን መቀመጥ የሚያስፈራው ሰው አለ፤ ለሱ እንዲያውም ይሄ ይሻላል።

የመጨረሻዋ ጠያቂ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔም ደከም ብሏል፣ መስመሩ ውስጥ አልገባልሽ ይለኛል» አሉ። እናቴ፣ ንድፉን ፎቶ ኮፒ ቤት ይላኩና ወደ ኤ ስሪ ያስተልቁት። ከእርሳስ ይልቅ ወፍራም ማርከር ይያዙ፤ መጫን አይፈልግም። ክንድዎን ሙሉውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉት፤ አንጓዎ አየር ላይ አይንጠልጠል። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። መነጽሩንም አይርሱ። ንቅጥቅጡ በቅርብ የጀመረዎት ከሆነ ግን ሐኪም ይየው፤ ልጆችዎ በዚህ ሳምንት ይውሰዱዎት።